በላሞቹ በኩል

ኦክቶበር 3፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ልብስ አልደረቀም። ባሌ ሄድሊ የውጪው በር አብጦ አልዘጋ ስላለው ሲጣላው ዋለ። በሩ አሸነፈ።

ይህን ቤት የሠራው ሰው ግን ብልህ ነበር። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ፣ መሃል ላይ መተላለፊያ። መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ ሰው ከላይ በኩል፣ ላም ከታች በኩል። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ቤቱን ያስጎበኘችኝ፣ “እበት ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይፈስም” ብላ ነው። የሠርግ ምርቃቴ ይኸው ነበር።

ኦክቶበር 9፣ ሰኞ
ሄድሊ ወደ መኝታችን ከሚያወጣው ደረጃ ወደቀ። ከምድጃው ጀርባ በግድግዳው ውስጥ ከሚጠማዘዘው፣ ከድንጋዩ። አጥንቱ ደህና ነው፣ ዳሌው ግን ጠቁሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳይወጣ አለ። ሄድሊ ደግሞ ደረጃው ተንቀሳቀሰብኝ ይላል። ሦስት መቶ ዓመት ንቅንቅ ያላለ ድንጋይ፣ ዛሬ...

ኦክቶበር 14፣ ቅዳሜ
ልጃችን ጊልያን መጣች። ከተማ ውስጥ ደረጃ የሌለው አዲስ ቤት አግኝታልናለች። ምንጣፍ፣ ማሞቂያ፣ የሚዘጋ በር። ሄድሊ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። እኔ? እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ይህ ቤት በበጋም አይሞቅም።

ጊልያን ስትሄድ ሄድሊ፣ “ያረጀ ዛፍ ነቅለሽ ብትተክዪው አይጸድቅም” አለኝ። ተናደድኩበት። አሳዘነኝም።

ኦክቶበር 17፣ ማክሰኞ
ምሳ ደርሶ ሄድሊ ጠፋ። ከመተላለፊያው ማዶ ባለው አሮጌ በረት ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ አገኘሁት። ላሞቹ ወደ አዲሱ በረት ከሄዱ ወዲህ እዚያ ያለን ኮተት ብቻ ነው።

“እዚህ ደረጃ የለም” አለ።
“ሰው ጋጣ ውስጥ ይተኛል እንዴ?”
“ከላሞቼ አንዷም ከደረጃ ወድቃ አታውቅም።”

በረቱን መኝታ ሊያደርገው ነው።

ኦክቶበር 30፣ ሰኞ
ቤቱ ቅርስ ነው ስለሚባል ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታም። ዛሬ ከቅርስ ጥበቃ አንዲት ልጅ መጣች፣ ወይዘሪት ቴምፕሊን። የላሞቹ ሽንት መውረጃ ቦይ ላይ ተንበርክካ ዓይኗ በራ። እኔ ያን ቦይ ስጠርግ ዓይኔ በርቶ አያውቅም።

በረቱ ውስጥ ምድጃ ማስገባት ይቻላል አለች፣ ኖራ መቀባት ይቻላል። ጋጣዎቹን የሚለያዩት የድንጋይ ሰሌዳዎች ግን አይነኩም። ስለዚህ አልጋው ጋጣ ውስጥ መግባት አለበት። ሄድሊ ወዲያው ተስማማ። እንዲህ ፈጥኖ የተስማማው መቼ ነበር? እኔን ሲያገባ እንኳ አስቦበታል።

ኖቬምበር 18፣ ቅዳሜ
ለሄድሊ አንድ አልጋ ጋጣው ውስጥ ገባ። ወለሉ ቁልቁለት ስለሆነ ከግርጌው እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግንበት። እኔ ፎቅ ላይ ቀረሁ። ለጋጣ አልተዳርኩም አልኩት። ጊልያን የከተማውን ቤት አልተወችውም፣ አባቷ ሲበርደው ሐሳቡን ይቀይራል ባይ ናት።

ኖቬምበር 19፣ እሑድ
ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁሉም ባልሽ ስንት ሊትር ይታለባል ይሉኛል።

ኖቬምበር 23፣ ሐሙስ
የጋራ አልጋችን ሰፋብኝ። ማንኮራፋቱን ስረግም የኖርኩ ሴት... ናፈቀኝ። በመተላለፊያ ማዶ ላለ ሰው ናፍቆት! አልነግረውም።

ዲሴምበር 2፣ ቅዳሜ
ጊልያን መጣች። የከተማው ቤት መልስ ዛሬ ይፈልጋል አለች። ለሌላ ስጡት አልኳት።

“እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የፈለግሽው?”

እኔ ነኝ። አሁንም ማሞቂያው ያምረኛል። ግን እሱ ከተማ ውስጥ እንደተነቀለ ዛፍ ደርቆ ሲቀመጥ እያየሁ ምን ሙቀት ይሞቀኛል? ይህንኑ ነገርኳት። አልተከራከረችም። የእንግዶችን ጠባብ አልጋ ለእኔ ፈታትተን በዚያ ደረጃ አወረድነው።

አልጋዬን ከግድግዳው ጥግ ያለው ጋጣ ውስጥ ልናስገባ ስንል ሄድሊ በከዘራው አስቆመን።

“እዚያ አይደለም። በመተላለፊያው በኩል ያለውን ያዢ።”
“ልዩነቱ ምንድን ነው?”
“የሩቢ ነበር።”

ሩቢ ከላሞቹ ሁሉ የሚወዳት ነበረች። ስትሞት ያለቀሰው ለእናቱ ካለቀሰው ይበልጣል። ከእሷ ወዲህ እዚያ ጋጣ ሌላ ላም አላሰረበትም።

ጊልያን ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አልጋዬን እዚያው አነጠፍኩ።