ቁም ሣጥን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ስለሰነበተው ዓሣ

ሰኔ 4 ቀን 2003 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለክቡር የምግብ ናሙና ምርመራ ላቦራቶሪ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የጤናን ዋጋ ያወቅሁት በቅርቡ ስለሆነ ምኞቴ ለወጉ ያህል የቀረበ እንዳይመስልዎ። እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ካሰች ሚያዝያ 19 ቀን እራት ላይ ዓሣ በልታ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች። መሥሪያ ቤትዎ ከዚያ ወዲህ ስላደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ናሙናውን ስለተቀበላችሁበት ሥርዓት አመሰግናለሁ። ሐኪሟ ዶክተር ሶልያና፣ ዓሣ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ሒስታሚን የሚባል ነገር እንደሚፈጠርበት፣ ይህም ቢቀቀል ቢጠበስ እንደማይጠፋ፣ እንደ ካሰች አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ እንደሆነ አስረድተውኝ፣ ከሳህኑ የተረፈውን ዓሣ በጠርሙስ አሽገው በበረዶ ከበው በማግስቱ በእጄ ላኩት። አብሮት የተላከው የሆስፒታሉ ደብዳቤ «አባሪ፦ አንድ ጠርሙስ» ይላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛችሁ ወይዘሮ ብርቅዬ ደብዳቤው ክብ ማኅተም እንደሌለው አይተው፣ እስኪስተካከል ድረስ ከነአባሪው ፋይሎች ባሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። በረዶው በደብዳቤው ላይ ስላልተጠቀሰ ተመለሰልኝ። ወይዘሮ ብርቅዬን አልወቅስም፤ አባሪ ከደብዳቤው እንደማይለይ እኔም ለአዳዲስ ሠራተኞች ሳስተምር ኖሬአለሁ።

2. ስለ ፈጣን አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ። የሆስፒታሉን ክብ ማኅተም የያዙት ኃላፊ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ደብዳቤው የተስተካከለው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲሆን፣ እናንተ ግን በዚያው ዕለት መርምራችሁ ሒስታሚኑ ከተፈቀደው መጠን ብዙ እጥፍ መሆኑን ጻፋችሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ዓሣ መበላሸቱን ከውጭ በመጣ መሣሪያ ማረጋገጥ መቻላችሁ ለከተማችን ኩራት ነው።

3. ጥፋተኛ ስላገኛችሁልኝም አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ትንሽ ስህተት አለ። በእናንተ ወረቀት ምክንያት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የምትሸጠው ታቢታ ከታሰረች ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። የሚጠባ ልጇን እህቷ በቀን ሁለቴ ጣቢያ ድረስ ታመላልስላታለች። ታቢታ ከጀልባ የወረደውን ቆሮሶ ዓሣ ዓይኔ እያየ አጽድታ የሰጠችኝ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከዚያ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤታችን ግምገማ ገባሁ፤ ከግምገማ መሀል ወጥቶ መሄድ ምን እንደሚያስከትል እርስዎም ያውቁታል። ዓሣው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በፌስታል እንደታሰረ ወንበሬ ሥር ነበር። ቤት ገብቼ የጠበስኩትም እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ ዳቦና ለስላሳ ስለታደለን አልራበኝም፣ አልበላሁም። ካሰች አንዴ እንደጎረሰች «ታሜ፣ ሚጥሚጣ አድርገህበታል እንዴ? አፌን አቃጠለኝ» አለችኝ። ምንም አላደረግሁበትም ነበር። ብዪ አልኳት።

ይህንን ለፖሊስ መርማሪው ተናግሬአለሁ። እሳቸውም የእኔ ቃል ከሐዘን የመጣ ነው፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ሳይንስ ነው ብለው አልመዘገቡልኝም። በመዝገቡ ላይ ከሳሽ ሆኜ የተጻፍኩት እኔው ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ በቁጣ የምጽፍልዎ እንዳይመስልዎ። ቁጣ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፣ ፊርማዬን እፈርማለሁ፣ ሲያጽናኑኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ፣ የሚሰማኝ ነገር ግን የለም። ዓሣው ገና ከሐይቁ ሲወጣ የተበላሸ ነበር ወይስ ወንበሬ ሥር ነው የተበላሸው የሚለውን ለማወቅ የነበረኝ አንድ ዕድል ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ አልቋል፤ እሱን አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ናሙናው ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 9 ያለ በረዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር» ብለው ይጻፉልኝ። የታቢታ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስት ጊዜ የወጣ ውጤት አይሻሻልም ተብያለሁ። እኔ ውጤቱ ይሻሻል አላልኩም፤ የሆነው ይጻፍ ነው ያልኩት።

ለሰጡኝና ለሚሰጡኝ ትብብር ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ማንንም ሳይከስ ከሳሽ የሆነው አገልጋይዎ
ታምሩ ደበሌ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ታቢታ፣ ባሉበት ፖሊስ ጣቢያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለቀደመው ማመልከቻዬ የእርስዎ የጽሑፍ መልስ ደረሰኝ፤ ማኅተሙም የተሟላ ነው። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይልኝ ከፈለግሁ ከዚያው ዓሣ የቀረውን ይዤ እንድቀርብ አዝዘዋል። የቀረው ያለው ካሰች ጋር ነው። እርሷን ከመቃብር ለማውጣት የማን ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ቢገልጹልኝ አስጽፌ አመጣለሁ።