ጋሼን በሬዲዮ ያስነገርከው አንተ ነህ

ለወንድሜ ለራጉኤል፣ ጁባ

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ሥራው፣ ኑሮው ደህና ነው? እኛ ደህና አይደለንም። ብደውልልህ እማዬ እየሰማች መጮኼ ስለማይቀር ይኸው ጻፍኩልህ። በጣም ተናድጄብሃለሁ።

ጋሼ ሉልሰገድ ሐዋሳ ልጃቸው ቤት ሲያርፉ ደውዬ ምን ነበር ያልኩህ? እማዬ የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈ ገና ጥቂት ቀኗ ነው፣ ሐኪሙ ማልቀስ ከልክሏታል፣ ያላት ወንድም ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዓይኗ እስኪሽር እንደብቃት፣ ከዚያ የእድሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቷ ጎህ ሲቀድ መጥተው ያረዷታል አልኩህ። እሺ አልከኝ። እኛም ቀብረን ተመልሰን፣ ጥቁር ልብሳችንን ሱቃችን ውስጥ እያወለቅን ቤት ስንገባ ፊቷ ስንስቅ ሰነበትን።

ቴሌቪዥን ስለተከለከለች ውሎዋ ከሬዲዮ ጋር ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በቴክኒሻንነት ያገለገሉበትን የመንግሥት ጣቢያ "የወንድሜ ቤት" እያለች ሌላ እንደማትከፍት አንተም ታውቃለህ። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዋን ነበረች። በእሪ በከንቱ በኩል የነበሩት ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ፈርሶ ከሄዱ ወዲህ ብቅ የሚልላት የለም። ዋሽንቱ ተነፋ፣ የጋሼ የሕይወት ታሪክ ተነበበ፣ የሟች እህት ተብሎ የራሷ ስም ተጠራ። ስመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ጣቢያው ድረስ ሄጄ ጮኽኩባቸው። ቤተሰብ ሳይጠየቅ እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብዬ ሰው ሰበሰብኩ። የጋሼ ባልደረባ የነበሩት አቶ ገብረሕይወት እጄን ይዘው፣ ወንድምሽ እኮ ነው ከጁባ ደውሎ ያስነገረው፣ ጋሼ ያለ ክብር እንዳይሸኙ ብሎ አሉኝ። መግቢያ ጠፋኝ። ክብር ነው ያልከው? እኛ ጥርሳችንን ነክሰን የያዝነውን አንተ በአንድ ስልክ በተንከው! አገር ይስማ ስትል እናትህ አገር ውስጥ እንዳለች ረሳህ? የታከመው ዓይኗ ደም ቋጥሯል። ታይበት እንደሆነ ሐኪሙም ገና አላወቀም።

ባለቤቴ ሐዱሽ ሰላም ብሎሃል፤ በጎ አስቦ ነው፣ ተይው ይለኛል፣ እኔ ግን አልተውህም። ልጄ ዊንታ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። እማዬ ያንተን ሥራ አታውቅም፤ አልነገርኳትም። ለራጉኤል ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብላት፣ የጋሼን ነገር እንዳትጽፊለት ብላ ቆጣ አለች። ብቻውን ነው፤ እዚያ ያሉት ያገሩ ልጆች ተሰብስበው በማለዳ ቤቱ ሄደው ይንገሩት፣ ሲሰማ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይኑር አለችኝ።

እህትህ ጸሎት
አራዳ ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.