ከጉድጓዱ አፍ ያስመጣሁት ገመድ

ለምወድህ ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? የጀርባ ሕመምህ ተሻለህ ወይ? ሚስትህስ፣ ትንሿስ? እኔ ከወንድምህ ሞት ወዲህ እህል አልስማማ ቢለኝም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

የሥራ ጓደኞችህ ዛሬም በግመል በረሃ ይቋረጣል ወይ ብለው እንደጠየቁህ ጽፈህልኛል። መልሱን ያቆየሁት አፍሬ ነው።

እዚህ ሁሉም አይቻልም ይላል። የግመል ጓዛችን፣ ቅፍለታችን፣ ከመንገድ ተመልሷል። ሰዎቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ገቡ፤ ሁለት ግመሎች በውኃ ጥም ወድቀው ቀርተዋል። በረሃው መሀል ያለው የውኃ ጉድጓድ መቅጃ ገመድ ጠፍቶ ነው። ጥምጣምና መቀነታቸውን ቢቀጣጥሉም ውኃው ጋ አልደረሰም።

እንደምታውቀው ያ ገመድ ከጉድጓዱ አፍ አይነሣም። የደረሰ ሁሉ ቀድቶ፣ የሳሳውን ጠግኖ፣ ለሚመጣው ትቶ ያልፋል። አሁን ሰዉ የጉድጓድ ገመድ ከተሰረቀማ በምን ተማምነን እንሄዳለን እያለ ግመሉን ሊሸጥ ገዢ ያፈላልጋል። እኔው ቤት ተቀምጠው የሌባው እጅ ይድረቅ ብለው ሲራገሙ፣ እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ልጄ፣ ገመዱ እኔ ትራስ ሥር ነበር። ወንድምህ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ በእግሩ ጣት ወጥሮ የገመደው ነው። ትኩሳቱ ከወሰደው በኋላ፣ ከወዲያኛው የበረሃ ጫፍ ሊያስተዛዝኑኝ ለሚመጡት ጓደኞቹ እጁ የነካውን አምጡልኝ ብዬ ላክሁባቸው። ሐዘንተኛን እምቢ ማለት ከብዷቸው ፈትተው አመጡልኝ። ስንመለስ ሌላ እንተካለን ብለው ነበር፤ ግን የጭነት መኪና አግኝተው በሌላ መንገድ ሄዱ፤ በጉድጓዱ በኩል አላለፉም። እኔም ገመዱን አቅፌ ስተኛ የሚጠማ ሰው ትዝ አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት ተሸክሜ ለቅፍለቱ መሪ ወሰድኩለት። መኪና ላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ሹፌሩ እያላችሁ የምትስቁበት ነው። ቋጠሮውን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ አወቀ፤ አንገቴን ደፋሁ። ራሴ ወስጄ ካላሰርኩት ስለው፣ እማማ፣ እርስዎ ግመል ላይ ወጥተው? ግመሉ ምን አጠፋ አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ የረጋውን ግመል ሊመርጥልኝ ሄደ።

እንግዲህ ጓደኞችህን ትንሽ ታገሱ በላቸው። እናቴ ገመዱን ልትመልስ ሄዳለች፣ ከጉድጓዱ ቀድታ ስትመጣ ትነግረናለች በል።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እህትህ ናፍቀኸኛል ብላለች፤ አጎትህም ጉልበቱን እያሸ ሰላም ብሎሃል።

እናትህ
ከቤታችን በረንዳ፣ ግመሎቹ ሲጫኑ
ታኅሣሥ ዐሥር ቀን