በእናት በኩል ሲቆጠር

ውድ ምንተስኖት፣

«ከፋሲካ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ» ብለኸኝ ነበር። የተቀመጥኩት ቁርጡን ልነግርህ ነው፤ ግን መጀመሪያ ስለ ወፎቹ ካላወራሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ታውቀኝ የለ፣ ሲጨንቀኝ የማወራው ሥራ ነው።

የወፎቹ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። እናንተ አገር ወገዳ ዳር መረብ ዘርግተን የያዝናቸው፣ ከላም እግር ሥር ጅራታቸውን እያወዛወዙ ትንኝ የሚለቅሙት ቢጫ ወፎች እውነትም የአንድ አገር ልጆች አይደሉም። ራሳቸው ጥቁር የሆነውና ራሳቸው ግራጫ የሆነው በክንፍ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በደምም ይለያያሉ። ክረምቱ ሲወጣ መጥተው አንድ ግጦሽ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ሸምበቆ ውስጥ ያድራሉ፤ ለመራባት ግን ሁሉም ወደየአገሩ ይሄዳል። ወንዶቹን በራሳቸው ቀለም እንለያቸው ነበር። የሴቶቹ መልክ ያው በያው ሆኖ ሲያስቸግረን «ኧረ እነዚህስ እህትማማች ናቸው!» ብለህ ያሳቅከኝ ትዝ ይልሃል? ላቦራቶሪው የለያቸው ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደውን ዘር ተከትሎ ነው።

በእናት በኩል። ይህን ሳነብ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። አንዲት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» ብላ ቦርሳዬን ያዘችልኝ። የወፍ ውጤት ነው ይባላል?

ሽማግሌዎችህ ከስማዳ እስቴ ድረስ የመጡ ዕለት እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጥ ነበር። አጎትህ አያ ቢሻው የአባትህን ዘር ቆጠሩ፣ አባቴም የራሳቸውን ቆጠሩ፤ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ጠፋ። «ተመስገን!» ተባለ፣ ቀን ተቆረጠ። እኔ ሞኟ ጓዳ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወንድ ወንዱን ብቻ ቆጥረው ረክተዋል እኮ! ከዚያ የእናቴ አክስት እማሆይ አሰለፈች ከጥግ ሆነው «የልጁ እናትስ የማን ናት?» አሉ። ሽማግሌዎችህ የእናትህን እናት፣ የእሷንም እናት እየጠሩ ወደ ላይ ሲሄዱ፣ እማሆይም በእኔ በኩል አብረው ይቆጥሩ ነበር። ስድስተኛዋ ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ። ከጋይንት አንዷን ልጇን ወደ ስማዳ፣ ሌላዋን ወደ እስቴ የዳረች ሴት ናት። ሐረገ ወይን ትባል ነበር አሉ። ለእኔ ስም ያወጡልኝ እማሆይ ናቸው፤ ከማን እንዳወረሱኝ ያን ዕለት ሰማሁ። አያ ቢሻው «ዘመዱ ናት» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ።

አንተ ዝም ብላ ተቀበለች ብለህ ይሆናል። አልተቀበልኩም! «አባባ፣ ከስድስት ትውልድ በኋላ የሚቀረው ደም ከቁጥር አይገባም፣ ሥራዬ እኮ ነው» ብዬ ተሟገትኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ትምህርትሽ ልክ ነው» አሉኝ። «ግን እኔ ቄስ ነኝ። የራሴን ልጅ ለዘመዷ ድሬ፣ ነገ የሰውን ልጅ በምን አፌ አትጋቡ እላለሁ? እንዴትስ ቆሜ እቀድሳለሁ?» ከዚያም እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ባረኩኝ።

አንተ «ባሕር ዳር ሄደን እንፈራረም፣ ማን ያውቀናል?» ትላለህ። እውነትህን ነው፣ ማንም አያውቀንም። እኔ ግን ያን እጅ አውቀዋለሁ። አልመጣም፣ ምንተስኖት። ይኸው ጻፍኩት። እወድሃለሁ፤ እስከ ስንት ቤት ድረስ ቢቆጠር ይህ አይለወጥም።

የመጨረሻዋን ሴት ወፍ ታስታውሳታለህ? በመዳፍህ ይዘሃት «ይቺስ የማን ወገን ናት?» አልከኝ። «ደሟ ሳይታይ አይታወቅም» አልኩህ። «እንግዲያው አትንኪያት፣ በሰላም ትሂድ» ብለህ ለቀቅካት። ምናለ እኛንም እንዲሁ ቢተዉን!

በመስከረም ወፎቹ ሲመለሱ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይላካል። የሚያድሩበትን ሸምበቆ አሳየው፣ እንዳይረብሻቸውም አደራ በለው። አንተም በእኔ የተነሣ ዕድሜህን አትጨርስ፤ አግባ፣ ውለድ።

አያ ቢሻው የተናገሯትን ያቺን ቃል እስከ ዛሬ በአፌ አላልኳትም። ስፈርም ግን ሌላ ምንህ ነኝ ልበል?

ዘመድህ፣
ሐረገ ወይን