እንግዶች በመጡበት ቀን ስለተጫነው ሲስተም

ለተከበሩ አቶ ኤልዳድ ኃይለማርያም
የሆስፒታላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ካዛንቺስ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ በተለይም በእኛው ሆስፒታል ተኝቶ ከመታከም ፈጣሪ እንዲሰውርዎ ከልብ እመኛለሁ። በእርስዎ ሥር የምሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ይህን ምስጋና በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ማክሰኞ እንግዶች እንዲያዩት ሲባል፣ ላቦራቶሪውም ዋርዱም ፋርማሲውም በሚሠራበት ሰርቨር ላይ የምርመራ ውጤት ለሐኪም የሚያደርሰው አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም በሥራ ሰዓት እንዲጫን ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ባልደረባዬ ኢተፋ፣ «ጌታዬ፣ የላቦራቶሪው መስመር ውጤቱን የሚልከው ገና ወደ መሞከሪያው ዳታቤዝ ነው። እስከ ነገ ይስጡኝና አስተካክዬ ልፈትሸው» ብሎ ቢለምንዎ፣ «እንግዶቹ መስቀል አደባባይ ደርሰዋል፤ በቃ ጫነው» ያሉት ቆራጥነት መቼም አይረሳኝም። ኢተፋ ጫነው። ሰርቨሩ ተነሣ፣ ስክሪኑ አማረ፣ እንግዶቹም አጨበጨቡልዎ።

ሁለተኛ፦ በዚያው ሰዓት ወይዘሮ ሸዋአየሁ የሚባሉ፣ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም የመጡ የኩላሊት ታማሚ ዋርድ ተኝተው ነበር። ላቦራቶሪው ደማቸውን መርምሮ፣ ፖታሲየሙ ልብ ሊያቆም የሚችል ደረጃ ላይ መድረሱን አይቶ ወዲያው ላከ። ውጤቱ ግን የገባው እኛ ለሙከራ የፈጠርናቸው፣ በእውን የሌሉ በሽተኞች ስም የተከማቸበት ቦታ ነው። ውጤቱን ትጠብቅ የነበረችው የዋርዱ ሐኪም ዶክተር ሩቲ ወደ ላቦራቶሪው ስልክ ደወለች። «ልከናል እኮ» አሏት። «አልደረሰኝም፣ እባካችሁ ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ» አለች። ከሲስተሙ ውጭ ውጤት በቃል መንገርን የሚከለክለው የእርስዎ ማስታወቂያ ግን ፊት ለፊታቸው ተለጥፎ ነበርና ፈሩ። በመጨረሻ ራሷ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ፣ ውጤቱን በዓይኗ አይታ ተመለሰች። ስትመለስ ነርሶቹ የወይዘሮ ሸዋአየሁን ደረት እየተጫኑ ነበር። አልተነሡም።

ሦስተኛ፦ ጥፋተኛውን ለማግኘት አንድ ቀን እንኳ ስላልፈጀብዎ ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ። ኢተፋ «በቸልተኝነት» ታገደ። ዕቃውን በፌስታል ይዞ ሲወጣ ተከትዬው እስከ በሩ ሄድኩ፤ «እኔ ነኝ የጫንኩት፤ በእጄ ነው የጫንኩት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። እርስዎም ይህንኑ ሲሰሙ «አምኗል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሣም። ቤቱ ስሄድ እናቱ በሩን ገርበብ አድርገው «ተኝቷል ልጄ» ብለው ይመልሱኛል።

እኔና የሥራ ባልደረባችን ሊካሳ፣ እርስዎ ኢተፋን ሲያዙት በጆሯችን የሰማነውን ለሥራ አስኪያጁ ተናግረናል፤ ያልተፈተሸ ነገር ከእንግዲህ እንደማንጭንም አሳውቀናል። የተሰጠን መልስ እርስዎን እንድናከብር የሚል ነው፤ ይኸው እያከበርኩ ነው።

ለጭብጨባ ያለዎት ትጋት አንድ ቀን ለታማሚም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

መድኃኒት ታዲዎስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወይዘሮ ሸዋአየሁ ልጅ ሀኒ እናቷ ለምን እንደሞቱ ስትጠይቅዎ «ሲስተሙ ነው» ብለው እንደመለሱላት ነገረችኝ። ሲስተም የሚባለው ሰው የት እንደሚገኝ ብትጠይቀኝ፣ ሙሉ ስምዎንና የቢሮዎን ቁጥር ሰጥቻታለሁ። ነገ ጠዋት ትመጣለች፤ ስብሰባ እንዳይዙ በትሕትና እለምናለሁ።