እንግዳው ወረፋ ይጠብቅ

ውድ ወንድሜ፣

ስልኬን አላነሳ ስላልክ ይኸው ወደ ወረቀት ተመለስኩ። እናታችን ጋ በየጠዋቱ ትደውላለህ፤ የእኔን ድምፅ ስትሰማ ግን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም። ቀደህ ብትጥለው እንኳ መጀመሪያ ማንበብህ አይቀርም፣ አውቅሃለሁ። የላክሁትም አንተና ጓደኞችህ መጨረሻውን ወደምትጠብቁበት ተራራ ዱቄትና ጋዝ በሚያመላልሰው ሾፌር እጅ ነው። «ዓለም ሊያልቅ ነው እያሉ ለሚቀጥለው ወር ዱቄት ያዝዙኛል» ብሎ ሲስቅ አብሬው ሳቅሁ። ወደ ሳቁ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ፖስታው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። አሁን እንዳትፈታው።

ሐሙስ እናታችን ዓይኗን ትታከማለች። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሁለት ጊዜ ያሰረዝኩት በአንተ ምክንያት መሆኑን ታውቃለህ። ሐኪሟ ሁለተኛው ላይ ቆጣ ብላ «የዓይን ሞራ ግርዶሽ በቆየ ቁጥር እየጠነከረ ነው የሚሄደው፤ እማማ ምን እየጠበቁ ነው?» ስትላት እናታችን ምን ብትመልስ ጥሩ ነው? «ልጄ የሰማይ ነገር አይቷል። ዓይኔን ከፍቼ ምን ልይበት? መጨረሻውን?» አለቻት። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ እናታችንን በእጇ ይዤ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት መነጽር ስንሠራ የኖርን ቤተሰብ እናታችንን በዳበሳ እያስኬድናት ነው። ይሄ አያሳፍርም?

የምትለውን እኮ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ፀሐይ የሌለው፣ በጨለማ የሚንከራተት ፕላኔት ከፀሐይ ጀርባ ተደብቆ እየመጣ ነው፤ ምድርን ከመንገዷ ያስታል፣ ፀሐይንም ያናውጣል። ማዶ ያለውን የፊዚክስ መምህር ጠየቅሁት፤ ያ በየወሩ የገዛ መነጽሩ ላይ የሚቀመጠው ደንበኛችን። አልሳቀም። «ፀሐይ የሌላቸው ፕላኔቶችስ አሉ» አለኝ። «ግን ፀሐይን የሚያናውጥ ክብደት ያለው ነገር ተደብቆ አይመጣም። ገና ሩቅ ሳለ የዳር የዳሮቹን ፕላኔቶች መንገድ ያስታቸዋል። ደግሞ እኛ ፀሐይን እንዞር የለ? ዛሬ ከጀርባዋ ቢደበቀን ከስድስት ወር በኋላ በዚያኛው ወገን ሆነን እናየዋለን። እስኪ መነጽሬን አስተካክይልኝ።»

ይህን ብነግርህ «መምህራኑም ያውቃሉ፣ ይደብቃሉ» እንደምትለኝ ስለማውቅ መምህሩን ልተወው። ስለ ሳቁ ልንገርህ።

ስልክህን ይዘህ የገባህ ቀን ሱቁ ሙሉ ነበር። ፎቶው ላይ ፀሐይ አለች፤ ከጎኗ ደግሞ ደብዘዝ ያለች፣ ክብ፣ ትንሽ ሌላ ፀሐይ። «እዩ፣ እየመጣ ነው» አልከን። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ፀሐይም መንታ ወለደች እንዴ?» አልኩ፤ ደንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አንተ ሽርጥህን ፈታህ፣ አራት ቦታ አጣጠፍክ፣ ሌንስ መሞረጃው ማሽን ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ባለቤትህ ሻንጣዋን ይዛ ከሄደች ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ያኔ ዓይንህን አይቼ ዝም ማለት ነበረብኝ። የአንተ ቤት እየፈረሰ ሰማዩ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው ያቃጠለህ፤ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስለ ፕላኔቱ ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ሞቼ እገኛለሁ። ስለ ሳቁ ግን ይቅር በለኝ። እውነቴን ነው፣ ይቅር በለኝ።

ሽርጥህ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው። እንዳለ ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ግን መሳቢያህን ከፈትኩ። ትንሹን ጠፍጣፋ ፋይል ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጥቁር ሌንስ ነው። ለፀሐይ መነጽር የሚሆን፣ ነጸብራቅ መከላከያው ገና ያልተቀባ፣ ጠርዙ ላይ የፕላስተር ርዝራዥ የተጣበቀበት። ስልክህ ካሜራ ላይ እንደለጠፍከው ወዲያው ገባኝ። ሌላ ሰው በባዶ ስልክ ያነሳ ነበር፤ የመነጽር ሠሪ ልጅ ግን ብርሃኑን ለመቀነስ ብሎ ሌንስ ይለጥፋል!

አባታችን ያልተቀባ ሌንስ ወደ መፈተሻው አምፖል ሲያስይዘን ከአምፖሉ ጎን የምትታየውን ደብዛዛ መብራት ምን ይላት ነበር? «እንግዳ» አይደል? «እንግዳ መጥቷል፣ አስተናግዱ» ይለን ነበር። «መስታወቱን ዘንበል አድርጉት። እንግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ከእኛው ቤት ነው። እዚያው ከቆመ ያኔ ከውጭ ነው፣ ሂዱና በሩን ክፈቱለት።» ይህን ከእኔ በፊት የተማርከው አንተ ነህ። ዘንበል አላደረግከውም፣ ወንድሜ። በየስልኩ ተዛምቶ ያን ሁሉ ሺህ ሰው ያስደነገጠ ፎቶ አንስተህ አንድ ጊዜ እንኳ ዘንበል አላደረግከውም።

እኔ አደረግሁት። አንተ በቆምክበት በር ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌንሱን ስልኬ ላይ ለጥፌ። እንግዳው በስተግራ ነበር። ሌንሱን ዘንበል ሳደርገው ወደ ቀኝ ሸሸ። ፀሐይቱ ንቅንቅ አላለችም።

ተናድጄ ገባሁና እናታችን ፊት አምፖሉ ላይ እያሳየሁ፣ በአንተ ላይ እየጮኽኩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የደንበኛ ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ስትሰማኝ ቆየች።

«ሁለት ነው የሚታየው አልሽ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ። አንዱ ውሸት ነው።»

«እኔ ጨረቃን ሁለት አድርጌ ማየት ከጀመርኩ እኮ ዓመት አለፈኝ።»

ክው አልኩ። «ለምን አልነገርሽንም?»

«ልነግራችሁ ስል ዓይኔ ሁለት ፀሐይ አየሁ አለ። እኔ ያየሁትንም እሱ ያየውንም አንድ አድርጌ ፈራኋ!»

አየህ፣ አንተን «ዓይኔ» ብላ የምትጠራህ እናትህ የራሷ ዓይን የሚያሳያትን ለአንተ ምስክር አድርጋ ነው ሕክምናውን እንቢ ያለችው። ቀኝ ዓይኗን ብቻ ከፍታ አምፖሉን እንድታይ አደረግሁ። «አሁን ራስሽን ዘንበል አድርጊ» አልኳት። ቀስ ብላ ዘንበል አለች።

«ዞረ» አለች። ራሷን ቀና አድርጋም፣ «ይሄ እንግዳ እኔው ውስጥ ነዋ! ታዲያ ይውጣልኛ! ሳይጠሩት መጥቶ ዓመት ሙሉ ይቀመጣል እንዴ?»

ቀጠሮውን ራሷ ደውላ ነው ያስያዘችው።

ስለዚህ ይህን ለጓደኞችህም ንገርልኝ፦ እኛ የትም አንሄድም። ሱቁን አልዘጋም። የምልክት ሰሌዳውን እንደገና ቀለም አስቀብቻለሁ። መምህሩ መነጽሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር እጠግናለሁ። የእናታችን ግርዶሽ ያለው ሰማይ ላይ ሳይሆን ዓይኗ ላይ ነው፤ ሐሙስ ይገፈፋል። የናንተ ፕላኔት እውነት ሆኖ ቢመጣ እንኳ ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለን፤ ወረፋውን ይጠብቅ።

ሦስት ሰዓት ላይ ፋሻው ይነሳል። ትናንት ልብስ እያጣጠፍን ሳለ እናታችን እንዲህ አለችኝ፦ «ዓይኔ ሊሰናበተኝ የመጣ ቀን ሁለት ሆኖብኝ ነበር። የትኛውን እንደምስም ግራ ገብቶኝ አየሩን ስሜ ቀረሁ። ዓርብ ይምጣልኝ።»

አሁን ጨርቁን ፍታው። ሌንስህ ነው። ወደ መብራት ያዘውና ዘንበል አድርገው። እንግዳው ንቅንቅ ካላለ እዚያው ተራራህ ላይ ቆይ፣ አልቀየምህም። ከተንቀሳቀሰ ግን ሾፌሩ ሐሙስ ከሰዓት ባዶውን ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር አስይዤልሃለሁ። ና፣ አንድ ሆነህ ትይህ።

አንዷ ፀሐይ የምትበቃት
እህትህ