ባዶ የምትለው ቃል

ብዕሩን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ እህትህ ናት፤ ቃሉ ግን የአባትህ ነው። አንዲት አትጨምርም፣ አንዲትም አታስቀርም።

ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሚስትህስ? የልጅህ ሳል ለቀቀው? እኛ አለን። እናትህ ጉልበቷን ታማርራለች፤ እኔም ደክሞኛል፣ ግን ቆሜ እሄዳለሁ። ጆሮው ከብዷል የሚሉህን አትስማ፤ የማልፈልገውን ነው የማልሰማው።

ደብዳቤህ ተነበበልኝ። ክረምቱ ሲወጣ የጉድጓድ መቆፈሪያውን ማሽን ተሳቢ ላይ ጭነህ በፒክአፑ ልትጎትት ነው። ፒክአፑ ሠላሳ ሦስት ኩንታል፣ ተሳቢው ከነማሽኑ ሃምሳ አምስት፣ የምትሻገረው ድልድይ የሚችለው ዘጠና። «ሁለት ኩንታል ይተርፈኛል አባባ» ብለሃል።

አይተርፍህም። አርባ ዓመት የሰው ጭነት የተሸከመ ትከሻ ነው የሚነግርህ። ወረቀቱ ላይ ያለው የባዶ መኪና ክብደት ነው። ባዶ መኪና ደግሞ የትም አይሄድም፤ ቢያንስ ሹፌር አለው። አንተ ብቻህን አንድ ኩንታል ትሞላለህ፤ እናትህ በከንቱ አላጎረሰችህም። ባልደረባህን ጨምር። ነዳጁን፣ የብረት ሳጥኑን፣ ክሪኩን፣ ሰንሰለቱን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ከኋላ የምትከምረውን ቧንቧ ጨምር። እኔ አሥራ ሁለት ኩንታል ብዬዋለሁ። ደምረው እንግዲህ፤ መቶ ሞላ።

ይህን ከየት አመጣኸው ካልከኝ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ባለወፍጮው ሞተሩን በተሳቢ በመንደራችን የእንጨት ድልድይ ላይ ሊያሻግር ሲል እኔን ጠየቀኝ። ዓይኔ ሚዛን ነው እያልኩ ስፎክር የሰማ ነዋ። የመኪናውን ወረቀት እህትህ አነበበችልኝ፤ መርፌ በጥርሷ ይዛ፣ ቸኩላ፣ ቁጥሩን ብቻ። እኔም «እለፍ፣ ይችልሃል» አልኩት። ጣውላው መሃል ላይ ከዳው። ሰውዬው ተርፏል፤ እግሩ ግን እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው። ኋላ ያንኑ ወረቀት መምህሩ ሲያነብልኝ ለካ ከቁጥሩ ፊት «ባዶ» የምትል ቃል ነበረች።

እህትህ እያለቀሰች ነው፤ ጻፊ ብያታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ከጭነቱ ብዛት ተኝቶ እያየሁ፣ ዓይኔን ትቼ ወረቀት አመንኩ። ሰውዬው በየማለዳው በደጄ ያልፋል። የምርኩዙን ድምፅ ከሩቅ እሰማዋለሁ፤ ለእሱ ጊዜ ጆሮዬ ደህና ነው። «እንደምን አደሩ አባባ» ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሚዛን ላይ ውጣ። ተሳቢውን ሳትፈታ፣ ነዳጅ ሞልተህ፣ ሁለታችሁም እንደተቀመጣችሁ። አለቃህ ጊዜ የለም ካለ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በለው፤ ፒክአፑን ለብቻ አሻግርና ተሳቢውን በረጅም ገመድ ሳበው። ፈሪ ካለህም አባቴ ነው ያስፈራኝ በል። እኔ ሁለተኛ ምርኩዝ የምሰማበት አቅም የለኝም።

ሚስትህን በርቺ በልልኝ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እናትህ እግዜር ይጠብቅህ ትላለች። ባልደረባህን ባላውቀውም ሰላም በለው፤ የምትሻገሩት አብራችሁ ነውና።

ከቤትህ፣ ከደጁ አግዳሚ ወንበር ላይ
ግንቦት ፲፱ ቀን

በቃ ልጄ፣ ዓይንሽን ጥረጊና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፤ ትንንሾቹንም ቃላት።